በሰው እጅ የተሠራ ዳገት

በ1768 ለንደን ውስጥ ዊልያም ሄበርደን የተባለ ሐኪም ለሙያ ባልደረቦቹ ስለ አንድ ሕመም ንግግር አደረገ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሽተኞቹ ቁጭ ብለው ሳሉ ምንም አይሰማቸውም። ሲራመዱ፣ በተለይ ዳገት ሲወጡ፣ ይልቁንም በልተው ብዙም ሳይቆዩ ሲነሡ፣ ደረታቸውን አንቆ የሚይዝ ነገር ይመጣባቸዋል፤ ነፍሳቸው ልትወጣ የደረሰች ይመስላቸዋል። ቆም ሲሉ ግን ይለቃቸዋል። ንግግሩ በ1772 ታተመ። ሄበርደን ሕመሙ ከልብ ደም ሥሮች መጥበብ እንደሚመጣ አልደረሰበትም፤ መሣሪያ የሚባል ነገርም አልነበረውም። የነበረው ጆሮና ትዕግሥት ነው። ሕመሙ ምን ሲያደርጉ እንደሚመጣ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚሄድ ጠየቀ፤ የሰማውን ጻፈ። ከበሽተኞቹ አንዱ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ እየቆረጠ ሊድን ጥቂት ብቻ እንደቀረው በኋላ በታተመው መጽሐፉ ላይ አስፍሯል።

ጎጃም ውስጥ ይህን የሄበርደንን ገለጻ ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ደብረ ማርቆስ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። በስተሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ደጀን ላይ ሜዳው በድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ወፍጮ ቤት፣ ሁሉም ዳገትና ቁልቁለት አለው። የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ሰው እዚህ አገር በየቀኑ ይፈተናል፤ ፈታኝ ግን የለውም። ሕመሙን «ጨጓራዬ ነው» ወይም «ምች መትቶኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሐኪም ፊት ቀርቦ «አባባ፣ ዳገት ሲወጡ ደረትዎን ያፍንዎታል?» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ «የለም ልጄ» ይላል። ጠያቂው ብልህ ከሆነ ግን በዚህ አይረካም፤ «ዳገቱን አሁንም እንደ ድሮው ይወጡታል?» ብሎ ይደግማል። «ኧረ እሱንስ ከተውሁት ሰነበትሁ፤ በበቅሎ ነው የምወጣው» የሚለው መልስ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ሕመሙ የጠፋ የመሰለው በሽተኛው ሕመሙን የሚያመጣበትን ሥራ ስለተወ ነው። በኋላ የመጣው መሣሪያ ሁሉ ይህንኑ የተተወ ዳገት ሐኪሙ ባለበት ክፍል ውስጥ መልሶ ለመሥራት የተደረገ ጥረት ነው።

መሣሪያው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ መጣ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ውስጥ ቪለም አይንትሆቨን የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በግልጽ የሚመዘግብ ማሽን ሠራ። ክብደቱ 270 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ ለማሠራት አምስት ሰው ይፈልጋል። በሽተኛው እጆቹንና እግሩን ጨው ውሃ የሞላበት ዕቃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። አይንትሆቨን በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ይህ ማሽን ዛሬ በየሆስፒታሉ ኢሲጂ የምንለው ነው። ሐኪሞች ግን ወዲያው አንድ ግድግዳ ገጠማቸው። የሄበርደን ዓይነት ሕመም ያለበትን ሰው አጋድመው ኢሲጂ ሲያነሡት ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ጤናማ ሆኖ ይወጣል። ያረፈ ልብ የሚፈልገው ደም ጥቂት ስለሆነ በጠበበው ሥርም ቢሆን ይበቃዋል። ጉድለቱ የሚታየው ልብ ሲሠራ ብቻ ነው።

እናም በሽተኛውን ማሠራት ተጀመረ። በ1928 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ፌይልና ሲገል የተባሉ ሐኪሞች የደረት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ተጋድመው እየተነሡ እንዲቀመጡ እያደረጉ ኢሲጂ አነሡ፤ ሕመሙ ሲመጣ መስመሩ ሲለወጥ፣ ሲሄድ ሲመለስ አዩ። በተከታዩ ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ አርተር ማስተር ከኢኒድ ኦፐንሃይመር ጋር ሆኖ ባለ ሁለት ደረጃውን ፈተና አወጣ። እያንዳንዱ ደረጃ ቁመቱ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተፈታኙ በአንዱ በኩል ወጥቶ በሌላው በኩል ይወርዳል፤ ዞሮ ይመለሳል። ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለበት በዕድሜው፣ በክብደቱና በጾታው የሚነግር ሠንጠረዥ አለ። ጊዜው አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ማስተር መጀመሪያ ላይ ያየው የልብ ምትንና የደም ግፊትን ነበር፤ ኢሲጂን ከሃሪ ጃፌ ጋር የጨመረው ደብረ ማርቆስ ከጣሊያን ነፃ በወጣችበት በ1941 ነው።

በእነዚህ ዓመታት መሀል ፍርሃትም ነበር። በ1931 ዉድና ቮልፈርዝ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው ለውጡን ካዩ በኋላ፣ ሕመምተኛን ሆን ብሎ እዚህ ድረስ ማድረስ ለዘወትር ሥራ አደገኛ ነው አሉ። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። በማስተር ደረጃዎች ላይ ኢሲጂ የሚነሣው ሰውየው ከመውጣቱ በፊትና ከወረደ በኋላ ተጋድሞ ነው። እየወጣ ሳለ ልቡ ምን እንደሆነ የሚያይ አልነበረም። ልቡ ቢዛባ ሐኪሙ የሚያውቀው ሰውየው ሲወድቅ ነው። በዚያ ላይ የቆመን ልብ ደረትን በእጅ እየተጫኑ ማንቀሳቀስ ገና አልታወቀም ነበር፤ ያ የተገለጸው በ1960 ነው፤ ኩዌንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር ባልቲሞር ላይ።

ዓይን ያለውን ፈተና ያመጣው ሲያትል ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረው ሮበርት ብሩስ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሽተኞቹን በሚሽከረከር ቀበቶ ላይ እያራመደ፣ ሽቦው ደረታቸው ላይ እንደተለጠፈ ኢሲጂያቸውን ይከታተል ነበር። በ1963 ዛሬም ድረስ በዓለም ዙሪያ በስሙ የሚጠራውን ቅደም ተከተል አሳተመ። አካሄዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቀበቶው መጀመሪያ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ይህ አዛውንት ከቅዳሴ ሲመለሱ የሚራመዱት ዓይነት ዝግታ ነው። ነገር ግን ከመነሻው 10 በመቶ ያዘነበለ ነው፤ በየመቶው ሜትር አሥር ሜትር ያስወጣል። በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል፤ በሁለተኛው እርከን 4 ኪሎ ሜትርና 12 በመቶ፣ በሦስተኛው 5.5 ኪሎ ሜትርና 14 በመቶ። አንዱ ሙያተኛ የደም ግፊቱን ይለካል፤ ሌላው ከስክሪኑ ዓይኑን አይነቅልም። የደም ግፊት ከፍ ማለት ሲገባው ከወረደ፣ የልብ ምት ከተዛባ፣ ሰውየው ከገረጣ ወይም ካዞረው፣ የደረት ሕመሙ ከበረታ ቀበቶው ይቆማል። የዓባይን ዳገት ማንም በመሀል ሊያቆመው አይችልም። የብሩስን ዳገት ማቆም ይቻላል፤ የፈተናው ደኅንነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ዘመን ዓለም ወደ ኢትዮጵያ ልብም ማየት ጀምሮ ነበር። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ ደጋ የተወለደ ሰው ልብና ሳንባ ጥያቄ ሆነ። በ1969 እንግሊዛዊው ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በሰሜን ተራሮች አካባቢ የደባርቅን ደገኞች ከአዲ አርቃይ ቆለኞች ያነጻጸሩበትን ሰፊ ጥናት አሳተሙ። በዚያው ዓመት ስዊድናውያኑ አሬስኮግ፣ ሴሊኑስና ቫልኲስት በኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች የሥራ አቅምና አመጋገብ ላይ የሠሩትን አወጡ። ሁለቱም የጤነኛን ሰው አቅም ለማወቅ የተደረጉ እንጂ በሽተኛን ለመመርመር አልነበሩም። ልዩነቱን አጥብቄ የምይዘው፣ «ደገኛ ልቡ ጠንካራ ነው፤ አይታመምም» የሚለው የተለመደ አባባል እንደነዚህ ካሉ ጥናቶች የተገኘ እየመሰለ ስለሚወራ ነው። እነርሱ እንዲህ አላሉም።

ብሩስ ቀበቶውን ካስተዋወቀ በኋላ ፈተናው በፍጥነት ተስፋፋ፤ ከዚያም ስንት ሰው ገደለ የሚለውን መቁጠር ግድ ሆነ። በ1971 ሮችሚስና ብላክበርን ከ73 ማዕከላት 170,000 ያህል ፈተናዎችን ሰብስበው 16 ሞት አገኙ፤ ከ10,000 ፈተና አንድ ማለት ነው። በ1980 ስቱዋርትና ኤለስታድ ከ1,375 ማዕከላት 518,448 ፈተናዎችን ቆጠሩ። ሞቱ ከ20,000 ፈተና ወደ አንድ ወርዶ ነበር። የልብ ድንገተኛ ጥቃትና ከባድ የምት መዛባት ሲጨመርበት ግን ከ10,000 ውስጥ ዘጠኝ የሚጠጋ ችግር ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በራሱ ግን ትንሽ አልሆነም። ትንሽ ያደረገው በሩ ላይ የሚደረገው ማጣራት ነው። ባለፉት ሁለት ቀናት የልብ ጥቃት የደረሰበት፣ ሕመሙ ተቀምጦም የሚመጣበት፣ ልቡ ደክሞ እግሩ ያበጠ፣ የልብ ጡንቻው የተቆጣ ሰው ቀበቶው ላይ አይወጣም።

ለእኛ አገር ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው የልብ በር ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሚመጣው የሩማቲክ ልብ ሕመም በኢትዮጵያ ስንት ወጣት ይዟል። ወደ ሰውነት ደም የሚያሳልፈው ዋናው በር ክፉኛ ጠቦ ሰውየው ራሱን መሳት ወይም መታፈን ከጀመረ፣ እርሱን ዳገት ማስወጣት ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በስቴቶስኮፕ ሳያዳምጡ፣ ጥርጣሬ ካለም በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሳያዩ በሽተኛን ለዚህ «ስትረስ ቴስት» ለሚባለው ፈተና መላክ ትልቅ ጥፋት ነው። ሌላም አለ፦ ለልብ ድካም የሚታዘዘው ዳይጎክሲን የኢሲጂውን መስመር ራሱ ዝቅ ስለሚያደርገው ጤነኛ የልብ ደም ሥር የታመመ ያስመስላል። በሽተኛ የሚውጠውን ክኒን ሁሉ ሳይደብቅ ማሳየት ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ ደኅንነቱ ይህን ያህል ከተባለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ፈተናው እውነት ይናገራል ወይ የሚል ነበር። በ1979 አሜሪካውያኑ ዳይመንድና ፎሬስተር የፈተናው ውጤት ትርጉም የሚወሰነው ተፈታኙ ከመፈተኑ በፊት በነበረው ዕድል መሆኑን አሳዩ። በ1989 ጂያንሮሲና ባልደረቦቹ 147 ጥናቶችን፣ 24,074 በሽተኞችን አንድ ላይ አጠኑ፤ ፈተናው በአማካይ ከ100 ሕሙማን 68ቱን ይይዛል፣ ከ100 ጤነኞች 77ቱን ጤነኛ ናቸው ይላል። በ1998 በ814 ወንዶች ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ሐኪሞች ጥርጣሬያቸውን ተከትለው መርጠው የላኳቸውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም እስከ መጨረሻው መርምሮ፣ የመያዝ አቅሙን ወደ 45 አወረደው፤ ጤነኛን የማለፍ አቅሙ 85 ሆነ።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ሰው ብንመልሳቸው ይሻላል። የ1989ኙን እንያዝና፣ ዳገት ሲወጡ ደረታቸው ከሚታፈን፣ ስኳርና ደም ግፊት ካለባቸው የ60 ዓመት ወንዶች 1,000ውን እናስብ፤ ከእነርሱ 800ው እውነት ታመዋል እንበል። ፈተናው 544ቱን ይይዛል፤ 256ቱን ደኅና ናችሁ ብሎ ይሸኛል። ከ200ው ጤነኞች ደግሞ 154ቱን ደኅና ይላል። «ደኅና» ከተባሉት 410 ሰዎች ከግማሽ በላዩ ሕሙማን ናቸው ማለት ነው። አሁን ሌላ ቡድን እናስብ፤ ደረታቸውን አልፎ አልፎ የሚወጋቸው፣ ሕመሙ ከሥራ ጋር የማይገናኝ 1,000 ወጣት ሴቶች፤ የታመሙት 50 ናቸው እንበል። ፈተናው 34ቱን ይይዛል፤ ከ950ው ጤነኞች ግን 218 ያህሉንም «ታማችኋል» ይላቸዋል። ከተያዙት 252 ውስጥ እውነተኛዎቹ 34 ብቻ ሆኑ። ማሽኑ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሰማይና ምድር ነው። የሄበርደን ጥያቄ ተጠይቆ ካልተመለሰ በስተቀር ከማሽኑ የሚወጣው ወረቀት ሰው ያሳስታል።

በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ከሁሉ ይልቅ ደብረ ማርቆስን የሚነካ ነው። ሌቪንና ባልደረቦቹ 20 አዛውንቶችን በባሕር ጠለል ደረጃ ፈተኑ፤ ከዚያ በ2,500 ሜትር ከፍታ አየር፣ መጀመሪያ ላይና ከአምስት ቀን በኋላ። ከፍታው ከደብረ ማርቆስ ጋር የ50 ሜትር ያህል ልዩነት ብቻ ያለው ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። መጀመሪያ ላይ ልባቸው የደም ጉድለት የሚያሳየው ከወትሮው ባነሰ ሥራ ነበር፤ ከአምስት ቀን በኋላ ግን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ከመተማ ወይም ከሁመራ ቆላ፣ ወይም ከባሕር ማዶ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ የልብ ሕመምተኛ በደረሰ ማግስት ዳገት ለዳገት ከመሄድ፣ ካስፈለገውም ከመፈተን፣ ጥቂት ቀን ቢታገሥ የሚበጀው ስለዚህ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገው ደግሞ ሌላ ነው፤ በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ሄሞግሎቢናቸውም የደማቸው ኦክስጅንም በባሕር ጠለል ካለ ሰው ብዙም እንደማይለይ አገኙ። ይህ ድንቅ ነገር ነው፤ የልብን ደም ሥር ግን ከስብና ከሲጋራ አያድንም።

በ2008 አሜሪካን ያስደነገጠ ሞት ሆነ። ዝነኛው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ቲም ረሰርት በኤፕሪል መጨረሻ ስትረስ ቴስት አድርጎ አልፎ ነበር። ጁን 13 ቀን ሥራው ላይ ወድቆ ሞተ፤ 58 ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው «እንግዲህ ፈተናው ምን ዋጋ አለው?» አለ። ፈተናው የሚያየው ደም የሚከለክል ጥበትን ነው። ድንገተኛውን ጥቃት የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ገና ያላጠበበ፣ ለስላሳ የስብ ክምችት ነው፤ አንድ ቀን ይቀደድና ደም ይረጋበታል። ከመቀደዱ አንድ ቀን በፊት ሰውየው ዳገቱን ያለችግር ይወጣው ይሆናል።

በኢትዮጵያ እስከዚህ ዘመን ድረስ ፈተናውን አድርጎ «ታመሃል» የተባለ ሰው ከዚያ ወዲያ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ከፈተናው ይብስ ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የጀመሩት የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ሕፃናትን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ሲልክ ቆይቶ፣ በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉን ከፈተ። ከስዊድን የተመለሱት ዶክተር ፍቅሩ ማሩም አዲስ ካርዲያክ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሀሉ ላይ ዓባይ አለ።

በዓለም ላይ ግን ቀበቶው የነበረውን የመጀመሪያነት ማዕረግ እያጣ ነበር። በ2010 የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ከዚህ በፊት የልብ ደም ሥር ሕመም ያልተገኘበትን ሰው ለመመርመር በኢሲጂ ብቻ የሚደረገው የሩጫ ፈተና እንዲቀር መከረ። በ2018 ስኮትላንድ ውስጥ በ4,146 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት የአምስት ዓመት ውጤቱን አወጣ፤ የልብ ደም ሥር ሲቲ ስካን ከተጨመረላቸው 2.3 በመቶው፣ ካልተጨመረላቸው 3.9 በመቶው ለልብ ጥቃት ወይም በልብ ደም ሥር ሕመም ለሞት ተዳረጉ። ሲቲው ገና ያላጠበበውንም ክምችት ስለሚያሳይ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ቀድመው ጀመሩ።

በ2020 የታተመው ጥናት ደግሞ በስትረስ ቴስት የተያዘ ሰው ምን ይደረግ የሚለውን በቀጥታ ጠየቀ። በ37 አገሮች 5,179 ሰዎች ገቡበት፤ ሁሉም መካከለኛ ወይም ከባድ የደም ጉድለት የታየባቸው ነበሩ። ግማሾቹ ወዲያው የጠበበውን ደም ሥር ለሚከፍት ቱቦ ወይም ለቀዶ ሕክምና ተመደቡ፤ ግማሾቹ በመድኃኒት ተጀመሩ። በአማካይ ከሦስት ዓመት በላይ ተከታትለዋቸው በሞት ልዩነት አልተገኘም፤ ሕመም አዘውትሮ የሚይዛቸው ግን ቱቦ ሲገባላቸው እፎይታው በለጠ። ዋናው ግራ የልብ ደም ሥር ክፉኛ የጠበበባቸው፣ ልባቸው በጣም የደከመ፣ ሕመማቸው ተቀምጠውም የሚነሣባቸው ሰዎች በጥናቱ አልነበሩም፤ እነርሱ ሳይዘገዩ መሄድ አለባቸው። ከእነዚህ ውጭ ግን፣ በፈተናው ተይዞ «በሬዬን ሸጬ ሕንድ ልሂድ ወይ?» ብሎ ለሚጨነቅ የማቻከል ወይም የስናን ገበሬ፣ አስፕሪን፣ የኮሌስትሮል ክኒን፣ የደም ግፊትና የምት ማረጋጊያ መድኃኒት ጀምሮ ከሐኪሙ ጋር ተረጋግቶ ለመመካከር ጊዜ እንዳለው የሚነግረው ይኸው ጥናት ነው። እነዚህ ክኒኖች ለማግኘት ባሕር መሻገር አይጠይቁም።